ጠመዝማዛው የተራራ መንገድና ትንሿ የስፖርት መኪና

(ለማኅበሩ አባላት በዓመታዊው ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



መንገድ መሥራት ሙያ ከሆነበት ጊዜ አንሥቶ ቀጥተኛው መስመር የመሐንዲስ ምኞት ሆኖ ኖሯል። ቀጥ ያለ መንገድ ያጥራል፤ ወጪ ይቀንሳል፤ ዐይን እስከሚደርስበት ድረስ የሚመጣውን ያሳያል። ተራራ ግን ለዚህ ምኞት አይታዘዝም። ተራራ መሐንዲሱን ዙሪያ ጥምጥም ያስኬደዋል፤ ወደ ግራ ያስኬደውና መልሶ ወደ ቀኝ ያዞረዋል፤ በመጨረሻም ካሰበው ርቀት ሦስትና አራት እጥፍ አስጉዞ ወደ አፋፉ ያደርሰዋል። ስለዚህ የተራራ መንገድ የመሐንዲሱ ፈቃድና የተራራው ፈቃድ ተከራክረው የደረሱበት ስምምነት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

የዚህ ንግግር ርእስ እንዲህ ያለውን መንገድ በትንሽ የስፖርት መኪና መንዳት ነው። ርእሱ ለመዝናኛ የተመረጠ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን የመንገድና የመኪና ጠባይ በጠመዝማዛ ዳገትና ቁልቁለት ላይ የሚገለጸውን ያህል በሌላ ስፍራ አይገለጽም። በሜዳ ላይ መጥፎ መኪናም ይሄዳል፤ በሜዳ ላይ የተሳሳተ ቅየሳም ይቅርታ ያገኛል። በገደል አፋፍ ላይ ግን ሁለቱም ይመረመራሉ፤ የምርመራው ውጤትም አንዳንድ ጊዜ የሰው ሕይወት ነው። በንግግሩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አድማጭ እንዲያስታውስ ያስፈልጋል።

ለምሳሌ የሚሆነው መንገድ በአልፕስ ተራሮች ላይ የሚገኘው የስቴልቪዮ መተላለፊያ ነው። የናፖሊዮን ጦርነቶች አብቅተው ሎምባርዲያ በኦስትሪያ ነገሥታት እጅ በገባች ጊዜ፣ የቪየና መንግሥት አዲሱን ግዛት ከቲሮል ጋር የሚያገናኝ መንገድ አስፈለገው። ሥራው ለመሐንዲሱ ለካርሎ ዶኔጋኒ ተሰጠ። በ1820 እና በ1825 መካከልም መንገዱ ተሠርቶ ተፈጸመ። ከባሕር ወለል በላይ 2,757 ሜትር ከፍታ ላይ ይደርሳል። በስተሰሜን ምሥራቅ በኩል ፕራቶ ከምትባለው መንደር ተነሥቶ ወደ ላይ ሲወጣ ከ1,800 ሜትር የሚበልጠውን ከፍታ የሚጨርሰው በ24 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ ነው። በዚህ በኩል ብቻ 48 ወደ ኋላ የሚመለሱ ጠባብ ኩርባዎች አሉት። እያንዳንዱም ኩርባ ቁጥር ተጽፎበታል፤ ቁጥሩ ከታች ከ48 ጀምሮ እየቀነሰ ሄዶ ከአፋፉ ሥር 1 ላይ ያበቃል።

የመንገዱ ታሪክ የሰው ልጅ ዕቅድ ምን ያህል እንደሚለዋወጥ ያሳያል። የአንድ መንግሥት ሁለት ክፍሎችን እንዲያገናኝ የተሠራው መንገድ፣ ሎምባርዲያ በ1859 ከኦስትሪያ እጅ ስትወጣ የሁለት መንግሥታት ድንበር ሆነ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የኢጣሊያና የኦስትሪያ ወታደሮች በእነዚያ በረዷማ ከፍታዎች ላይ ተዋጉ። ከጦርነቱ በኋላ ሁለቱም ወገን በኢጣሊያ ግዛት ውስጥ ስለ ዋለ መንገዱ የጦር ጥቅሙን አጣ። ዛሬ በክረምት በበረዶ ተዘግቶ ይከርማል፤ በበጋ ሲከፈት ግን ሰዎች ወደዚያ የሚወጡት አብዛኛውን ጊዜ ለመሄድ ብለው እንጂ ለመድረስ ብለው አይደለም። ዶኔጋኒ ያሰበው ሠረገላን፣ መድፍንና ፈረስን ነበር። የፈረሱ ትንፋሽ የዳገቱን ልክ ወሰነለት፤ የሠረገላው ርዝመት ደግሞ የኩርባውን ስፋት። አማካይ ዳገቱ በየ100 ሜትሩ ከ7 እስከ 8 ሜትር ያህል ነው። ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ይኸው በፈረስ ትንፋሽ የተለካ መንገድ የዘመናዊ መኪና መፈተኛ ሆኖ ተገኘ።

ወደ ኋላ የሚመለስ ኩርባ ለመሐንዲስ ከሁሉ የሚከብድ ሥራ ነው። የኩርባው የውስጥ ጠርዝ ከውጭው ጠርዝ ያጥራል፤ ሁለቱ ጠርዞች የሚያሸንፉት ከፍታ ግን አንድ ነው። ስለዚህ የውስጡ ጠርዝ የግድ ከውጭው ይልቅ ቀጥ ያለ ዳገት ይሆናል። ብልህ ቀያሽ ወደ ኩርባው ሲቃረብ ዳገቱን ያለሰልሰዋል፤ መንገዱን ያሰፋዋል፤ ወለሉን ወደ ውስጥ ያዘነብለዋል። ከዚህም ሁሉ በላይ ኩርባው ከመግቢያው እስከ መውጫው አንድ ዓይነት ጠባይ እንዲኖረው ይጥራል። ሰፊ መስሎ ጀምሮ መሐል ላይ የሚጠብብ ኩርባ ነጂን ያታልላል። ነጂው በመግቢያው ባየው ልክ ፍጥነቱን ወስኖ ሲገባ፣ መንገዱ ቃሉን አጥፎ ይጠብቀዋል። የመንገድ እውነተኛነት ማለት ይህ ነው፤ መንገድ በመግቢያው የተናገረውን በመውጫው መካድ የለበትም።

ከመንገዱ ወደ መኪናዪቱ እንመለስ ቢባል፣ በተራራ ላይ ትልቅ ጉልበት ያለው ሞተር ሁሉን ያሸንፋል ብሎ መገመት የተለመደ ነው። ይህ ግምት ትክክል አለመሆኑን ከሚያስረዱት ማስረጃዎች አንዱ በሲሲሊያ ደሴት ይደረግ የነበረው የታርጋ ፍሎርዮ ውድድር ነው። ውድድሩን በ1906 የመሠረተው ባለጸጋው ቪንቸንዞ ፍሎርዮ ነበር። በኋለኞቹ ዓመታት የሚካሄደው በማዶኒዬ ተራሮች ውስጥ በሚዞር 72 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው የሕዝብ መንገድ ላይ ነው። የጀርመኑ የፖርሽ ፋብሪካ በ1970 ወደ 600 የሚጠጋ የፈረስ ጉልበት ያለው 917 የተባለ መኪና ነበረው። በዚያው ዓመት በፈረንሳይ አገር የሌ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈው ይኸው መኪና ነው። ሆኖም ለሲሲሊያ ተራሮች ፋብሪካው ሌላ መኪና አዘጋጀ። ይህም 908/03 የተባለው ሲሆን፣ ጉልበቱ 350 የፈረስ ጉልበት ያህል፣ ክብደቱ ደግሞ 550 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ነበር። ትንሹ መኪና አንደኛና ሁለተኛ ሆኖ ውድድሩን ፈጸመ።

በዚያ ቀን ፊንላንዳዊው ሊዮ ኪኑነን 72ቱን ኪሎ ሜትር በ33 ደቂቃ ከ36 ሴኮንድ ዞረው። ይህ በሰዓት 128 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በቀጣዩ ዓመት የሌ ማን አሸናፊ ለ24 ሰዓት ያህል ጠብቆ የሄደው አማካይ ፍጥነት 222 ኪሎ ሜትር ነበር። እንግዲህ ተራራ ፍጥነትን በግማሽ ያህል እንደሚቀንስና የሞተርን ትዕቢት እንደሚያበርድ ከዚህ ንጽጽር መረዳት ይቻላል። ለኢትዮጵያዊ አድማጭ ነገሩ እንግዳ አይደለም። የቀድሞ መኳንንት በመንገድ ሲጓዙ የሚቀመጡት በበቅሎ ላይ ነበር፤ የጦር ፈረሳቸው ግን ተስቦ ይከተላቸው ነበር። ፈረስ ለሜዳ፣ በቅሎ ለገደል መሆኑን ያውቁ ነበርና።

ቀላል መኪና በተራራ ላይ ለምን እንደሚበልጥ ምክንያቱን መዘርዘር ይገባል። አንደኛ፣ ቀላል አካል ለመነሣትም፣ ለመቆምም፣ አቅጣጫ ለመለወጥም ጥቂት ኀይል ይበቃዋል። ሁለተኛ፣ ጎማ አስፋልቱን የሚይዝበት ኀይል ክብደት በጨመረ ቁጥር በዚያው ልክ አይጨምርም፤ ሸክሙ ሲበዛ ጎማው ከእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሚያገኘው ይዞታ እየቀነሰ ይሄዳል። ሦስተኛ፣ መኪናው ጠባብ በሆነ መጠን መንገዱ ይሰፋል። አንድ ሜትር ከ67 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው መኪና ሦስት ሜትር ስፋት ባለው የራሱ መሥመር ውስጥ ከአንድ ሜትር ከ30 የሚበልጥ ነጻ ቦታ ያገኛል፤ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው መኪና የሚያገኘው ግን አንድ ሜትር ብቻ ነው። በኩርባ ላይ ይህች የ30 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ከብዙ የፈረስ ጉልበት ትበልጣለች።

በ1955 ዣን ረደሌ የተባለው ፈረንሳዊ የመኪና ነጋዴና ተወዳዳሪ ፋብሪካ ሲያቋቁም ስሙን አልፒን ያለው በአልፕስ ተራሮች ውድድር ላይ ካገኘው ድል የተነሣ ነው። የፋብሪካው ኤ110 የተባለ መኪና ከፋይበር ግላስ የተሠራ አካልና ከኋላ የተቀመጠ ትንሽ ሞተር ነበረው። በ1971 እና በ1973 የሞንቴ ካርሎን ራሊ አሸነፈ፤ በ1973 ደግሞ የመጀመሪያው የዓለም የራሊ ሻምፒዮና ለአምራቾች የሚሰጠው ማዕረግ የእርሱ ሆነ። በ1989 የጃፓኑ የማዝዳ ፋብሪካ ኤምኤክስ 5 የተባለችውን ባለ ሁለት መቀመጫ መኪና ሲያወጣ መሐንዲሶቹ የመረጡት መመሪያ ፈረስና ፈረሰኛ አንድ አካል የሚሆኑበትን ስምምነት ነበር። ክብደቷ ወደ 1,000 ኪሎ ግራም የሚጠጋው ይህች መኪና በ2016 ከ1 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ ተቆጠረች። ሰው ለጉልበት ብቻ ሳይሆን ለመጠንም ዋጋ እንደሚከፍል ይህ ቁጥር ይመሰክራል።

አሁን ነጂው በመሪው ኋላ ተቀምጦ ወደ ኩርባው ሲቃረብ የሚሆነውን እንመርምር ብንል፣ መጀመሪያ የሚመጣው ሒሳብ ነው። መኪና በኩርባ ላይ ወደ ውጭ እንዳይወጣ የሚይዘው የጎማውና የአስፋልቱ ሰበቃ ብቻ ነው። የሚፈለገው ይዞታ ደግሞ በፍጥነቱ ብዜት ያድጋል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ይዞታው አራት እጥፍ መሆን አለበት። የ10 ሜትር ራዲየስ ባለው ኩርባ ላይ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና የክብደቱን ግማሽ ያህል የጎን ይዞታ ይፈልጋል። በ35 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ግን የሚፈልገው ይዞታ ከክብደቱ ጋር ሊተካከል ጥቂት ይቀረዋል። ይህም በደረቅ አስፋልት ላይ ተራ ጎማ ሊሰጥ ከሚችለው የመጨረሻ ልክ ነው። እንግዲህ በእርጋታና በጥፋት መካከል ያለው ርቀት በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ብቻ ሆነ ማለት ነው። ዝናብ ሲጥል ይህም ርቀት ይጠፋል።

ስለዚህ የዚህ ጥበብ የመጀመሪያው ሕግ ከኩርባው በፊት ማብረድ ነው። ፍሬን የሚያዘው መኪናው ቀጥ ብሎ ሳለ ነው፤ ማርሽ የሚቀነሰውም በዚያው ጊዜ ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ጎማዎች ይሄዳል፤ ነዳጅ ሲሰጥ ወደ ኋላ ይመለሳል። ጎማ ያለው ይዞታ አንድ ነውና፣ ለፍሬን የሰጠውን ለመዞር ሊሰጥ አይችልም። በኩርባው መሐል ደንግጦ ነዳጁን በድንገት የሚለቅ ነጂ የኋላ ጎማዎቹን ያቀልላቸዋል፤ በተለይም ሞተሩ ከኋላ በሆነ መኪና ጅራቱ ፊቱን ሊቀድም ይነሣል። በዝግታ የገባ ግን ኩርባው ሲከፈትለት ነዳጁን በልኩ እየሰጠ በእርጋታ ይወጣል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ተረት በሌላ ቋንቋ የተጻፈ የፊዚክስ ሕግ ነው ማለት ይቻላል። ዐይንም የራሱ ሥርዐት አለው፤ ነጂው የሚመለከተው መኪናው ያለበትን ሳይሆን ሊደርስበት የሚገባውን ስፍራ ነው። የሚታየው መንገድ ካጠረ ፍጥነቱም ማጠር አለበት፤ በሚያየው ርቀት ውስጥ ሊቆም የማይችል ሰው ዕውር ሆኖ እንደሚነዳ ይቆጠራል።

ዳገት ጉልበትን ሲፈትን፣ ቁልቁለት ጠባይን ይፈትናል። በ2,757 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ነጂውም ይህን በትዕግሥት ይቀበላል። ሲወርድ ግን ነገሩ ይለወጣል። 1,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ከስቴልቪዮ አፋፍ ወደ ፕራቶ ሲወርድ 18 ሚሊዮን ጁል የሚሆን ጉልበት መወገድ አለበት። ይህ ጉልበት ከ50 ሊትር የሚበልጥ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከፊሉን አየሩና ጎማው ይወስዱታል፤ የቀረውን ወይ ሞተሩ ወይ ፍሬኑ መሸከም አለበት። በዝቅተኛ ማርሽ የሚወርድ ነጂ ሸክሙን ለሞተሩ ይሰጣል። ማርሹን ከፍ አድርጎ ፍሬኑን ሳያቋርጥ የሚረግጥ ነጂ ግን የፍሬኑን ሸራ ያቃጥላል፤ የፍሬኑንም ዘይት ያፈላል፤ እግሩ የሚረግጠው ነገር ያጣበት ሰዓት ይመጣል። ሁለት ሺህ ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ደግሞ እጥፍ ሙቀት ይዞ ይወርዳል።

ይህ ሁሉ ሲነገር አደጋውን ሸፍኖ ማለፍ አይገባም። በኢጣሊያ የሚሌ ሚሊያ ውድድር ከሕዝብ መንገድ ላይ የቀረው በ1957 የአልፎንሶ ደ ፖርታጎ መኪና ጎማዋ ፈንድቶ ነጂውን፣ ረዳቱንና 9 ተመልካቾችን ከገደለች በኋላ ነው። ከተመልካቾቹ 5ቱ ሕፃናት ነበሩ። ስፍራው ቀጥ ያለ መንገድ እንጂ የተራራ ኩርባ እንዳልነበረ ማስተዋል ያስፈልጋል፤ ቀጥተኛነት ፍጥነትን ጋበዘ፤ ፍጥነት ደግሞ ስሕተትን ወደ እልቂት ለወጠ። ተራራም ቢሆን ንጹሕ አይደለም፤ በ1977 በታርጋ ፍሎርዮ ላይ 2 ተመልካቾች ሞተው የጥንቱ ውድድር በዚያው አበቃ። በዚያ ውድድር 3 ጊዜ ያሸነፈው ኒኖ ቫካሬላ የፓሌርሞ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ነበር። ከዓለም ሻምፒዮኖች ጋር የተካከለው መንገዱን እንደ ትምህርቱ መጽሐፍ አጥንቶ ስለሚያውቀው ነው። የሕዝብ መንገድ ግን ዘወትር የሕዝብ ነው፤ ከኩርባው ማዶ እረኛ፣ ብስክሌተኛ ወይም የቆመ አውቶቡስ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ በትንሽ መኪና የሚገኘው ደስታ የሚፈቀደው ነጂው በመሥመሩ ውስጥ እስከ ቆየ ድረስ ብቻ ነው።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ መሐንዲስ ሩቅ አይደለም። ከደባርቅ ወደ ሰሜን የሚወርደው የሊማሊሞ መንገድና የጣርማ በር መተላለፊያ በ1936 እና በ1941 መካከል በነበረው የኢጣሊያ ወረራ ዘመን የተሠሩ ናቸው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣው መንገድ በእያንዳንዱ ወገን ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ መልሶም ይወጣል። በእነዚህ መንገዶች ላይ የሚመላለሰው የስፖርት መኪና አይደለም፤ ተሳቢ የያዘ የጭነት መኪናና ሕዝብ የሞላው አውቶቡስ ነው። ነገር ግን ሕጉ አንድ ነው። ትንሿ መኪና ቀጭን መለኪያ ናት፤ መሐል ላይ የሚጠብበውን ኩርባ፣ ወደ ውጭ ያዘነበለውን ወለል፣ የተሸረሸረውን አስፋልት ነጂዋ በመሪውና በወንበሩ ወዲያው ያውቀዋል። በአውቶቡሱ ውስጥ ያለው መንገደኛ ግን ያንኑ ጉድለት የሚያውቀው አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው። ለትንሿ መኪና ምቾት የሚነሣ ኩርባ ለትልቁ መኪና ሕይወት ይነሣል።

ከዚህ ለሙያው የሚተርፉ ጥቂት ምክሮች አሉ። ኩርባዎች እንደ ስቴልቪዮ ቁጥር ቢጻፍባቸው ነጂው ምን ያህል እንደ ቀረው ያውቃል፤ አደጋም ሲደርስ ቦታውን ጠርቶ ርዳታ መጥራት ይቻላል። ረጅም ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ነጂው ማርሽ እንዲቀንስ የሚያዝዝ ምልክት ሊቆም ይገባል፤ ፍሬን ለከዳውም መኪና ወደ ዳገት የሚወጣ የጠጠር ማምለጫ ቢዘጋጅ ዋጋው ከአንድ አውቶቡስ ሕዝብ ሕይወት አይበልጥም። የመንጃ ፈቃድ ትምህርትም በሜዳ ላይ ብቻ ማለቅ የለበትም።

የዘመኑ ቴክኒክም የራሱን ርዳታና የራሱን ፈተና አምጥቷል። መኪና ሲንሸራተት እያንዳንዱን ጎማ ለብቻው የሚይዘው የኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ከ2014 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት በሚሸጡ አዳዲስ መኪናዎች ሁሉ ላይ ግዴታ ሆኗል። ብዙ ሰው አድኗል፤ ሆኖም ከሰበቃ ልክ በላይ ይዞታ ሊፈጥር አይችልም። ኢትዮጵያ ደግሞ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለች፣ በደጋው ቁልቁለት ላይ የኤሌክትሪክ መኪናም መታየት ጀምሯል። ይህ መኪና ሲወርድ ሙቀት ሆኖ ይጠፋ ከነበረው ጉልበት ብዙውን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ነገር ግን አፋፍ ላይ ባትሪው ሞልቶ ከሆነ የሚመለሰውን የሚቀበልበት ቦታ የለውም፤ ሸክሙም እንደ ጥንቱ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ባትሪውም ከባድ ነውና የክብደት ጥያቄ መልኩን ለውጦ ተመልሷል ማለት ነው።

ክቡራን አባላት፤ ጠመዝማዛ መንገድን በትንሽ መኪና በሚገባ የሚነዳ ሰው ከሁሉ በላይ የሚማረው ልክን ማወቅ ነው። ሞተሩ ልክ አለው፤ ጎማው ልክ አለው፤ ዐይኑም ልክ አለው። ደስታው የሚገኘው እነዚህን ልኮች በመጣስ ሳይሆን በመካከላቸው ተስማምቶ በመሄድ ነው። ዶኔጋኒ ሞተር የሚባል ነገር አላየም፤ ነገር ግን ኩርባዎቹን ለፈረስና ለሠረገላ በታማኝነት ስለ ቀየሰ፣ ያላያቸውና ሊያያቸው የማይችል ሰዎች ዛሬ በሰላም ይወጣሉ፤ በሰላምም ይወርዳሉ። የመሐንዲስ ሥራ ከመሐንዲሱ ዕድሜ ይረዝማል። ዛሬ በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ የሚቀየስ ኩርባ ሁሉ ገና ላልተወለደ ነጂ የሚሰጥ ቃል ነውና፣ ቃሉ እንዳይታጠፍ መጠንቀቅ የሙያው ግዴታ ነው።